ኦቲዝም ካለባቸው ተማሪዎች ጋር መተማመንን መገንባት፦ ለክፍል መምህራን የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ኦቲዝም ያለበት ተማሪ ወደ ክፍል ሲመደብ ከባልደረቦቼ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ «ይህን ልጅ ምን ላስተምረው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የሚቀድመው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ልጁ አጠገባችን ተረጋግቶ መቀመጥ የሚችለው እንዴት ነው? አጠገባችን መረጋጋት ያልቻለ ልጅ ፊደልም ቁጥርም ከእኛ ሊቀበል አይችልምና ይህ መመሪያ ስለዚህ ቀዳሚ ጥያቄ የተጻፈ ነው።

የማስተምረው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት አጥተው በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከመሠረቱ ወዲህ በከተማችን ስለ ኦቲዝም በግልጽ መነጋገር ተጀምሯል፤ እርሳቸው በ2021 እ.ኤ.አ. ቢያርፉም የከፈቱት በር አልተዘጋም። ይሁን እንጂ ልዩ ማዕከላቱ ጥቂት ናቸው፤ በከተማው ዳር ለምትኖር እናት ልጇን ይዛ ሁለትና ሦስት ታክሲ እየቀያየረች በየቀኑ መመላለስ የሚቻላት አይደለም። ስለዚህ በአቅራቢያዋ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሃምሳ በላይ ልጆች የተቀመጡበት ክፍልና አንድ መምህር፣ ብዙ ጊዜ ያላት ሁሉ ነው። ከዚህ በታች የማቀርባቸው እርምጃዎች በዚህ ዓይነት ክፍል ውስጥ፣ ከካርቶንና ከጠመኔ ያለፈ ወጪ ሳይጠይቁ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኛ ልጅን መውደዳችንን የምንገልጸው አገላብጠን በመሳም፣ ራሱን በመዳበስ፣ በማጉረስና ድምፃችንን ከፍ አድርገን በማሞገስ ነው። ኦቲዝም ላለባቸው ብዙ ልጆች ግን እነዚህ ሁሉ ሳይታሰቡ የሚመጡና የሚያስጨንቁ ነገሮች ናቸው። እንዲህ ያለ ልጅ የሚያምነው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚያውቀውን ሰው ነው። የሞቀ ልብ ያለው፣ ነገር ግን በየቀኑ የሚለዋወጥ መምህር ያስፈራዋል፤ ዝምተኛ ቢሆንም ቃሉ የማይለወጥ መምህር ግን ያረጋጋዋል።

አንደኛ፦ ከልጁ በፊት ቤተሰቡን ያነጋግሩ

የልጁ እናት ወይም አሳዳጊ ወደ ትምህርት ቤት ስትጠራ፣ ከዚህ ቀደም በነበራት ልምድ ክስ ልትሰማ እንደሆነ አስባ ትመጣለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ንግግር ስለ ጥፋት መሆን የለበትም። ወንበር ይስጧት፣ ስለ ልጁ ከማንም በላይ የምታውቀው እርሷ መሆኗን ይንገሯትና ይጠይቋት፦ በምን ይደሰታል? ምን ዓይነት ድምፅ ያስደነግጠዋል? ውሃ ሲፈልግ፣ ሽንት ቤት መሄድ ሲፈልግ በምን ያሳያል? ሲከፋው ምን ያረጋጋዋል? መልሶቹን በደብተር ይጻፉ፤ በቃል የተያዘ ነገር በሃምሳ ተማሪ መካከል ይጠፋል።

በቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ መጠየቅም አይርሱ። በከተማው ዳር ብዙ ቤተሰቦች አፋን ኦሮሞ፣ ጉራጊኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ይናገራሉ። አንዲት ተማሪያችን «ውሃ» ስንላት ለወራት ፊቷን እንኳ አታዞርም ነበር፤ ጆሮዋ እንዲመረመርም ተነጋግረን ነበር። አንድ ቀን አያቷ ሊወስዷት መጥተው በሩ ላይ ቆመው በአፋን ኦሮሞ «ቢሻን» ሲሏት ብድግ ብላ ወደ ጀሪካኑ ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ በውሃው ሥዕል ሥር ሁለቱንም ቃላት ጻፍን፣ ሁለቱንም ተናገርን።

ስለ ምክንያቱ ጥያቄ ከተነሳ መልስዎ አጭርና የማያሻማ ይሁን። ሊዮ ካነር ኦቲዝምን በ11 ልጆች ላይ ተመሥርተው በ1943 እ.ኤ.አ. ከገለጹ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት ጥፋቱ «ከእናት ፍቅር ማነስ» ነው የሚል አስተሳሰብ በውጭው ዓለም ተስፋፍቶ ነበር፤ ይህ ስሕተት መሆኑ ተረጋግጦ ከተተወ ቆይቷል። ኦቲዝም ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ ያለው ነገር ነው። የእርግማን ወይም የአስተዳደግ ውጤት አይደለም። ይህን ከመምህር አፍ መስማት፣ ጎረቤት ጣቱን ለቀሰረባት እናት ትልቅ እፎይታ ነው። ቤተሰቡ ልጁን ጸበል የሚወስድ ከሆነ አይከራከሩ፤ የሚሄዱበትን ቀን ብቻ አስቀድመው እንዲነግሩዎት ይጠይቁ፤ ምክንያቱም ልጁ ስለሚቀርበትና ስለሚመለስበት ቀን እርስዎም ሊያዘጋጁት ይገባል።

ሁለተኛ፦ ሳያዙ፣ ሳይጠይቁ ከጎኑ ይቀመጡ

ይህ እርምጃ ከሁሉም ቀላል ቢመስልም በጣም የሚያስቸግረው እርሱ ነው፤ መምህር ማዘዝና መጠየቅ ለምዷልና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የስምንት ዓመት ልጅ ተቀበልኩ። ቃል አይናገርም ነበር። ኪሱ ሁልጊዜ በለስላሳ ቆርኪ የተሞላ ሲሆን፣ በእረፍት ሰዓት ከግቢው ጥግ ካለው የውሃ ቦኖ ሥር ባለው ሲሚንቶ ላይ እያስተካከለ ይደረድራቸዋል፤ ቀዩን ከቀዩ፣ ቢጫውን ከቢጫው፣ ጥርሳቸውን ወደ ላይ አድርጎ። መጀመሪያ ላይ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብዬ «ስንት ናቸው?» «ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» እያልኩ እጠይቀው ነበር፤ እርሱም በእያንዳንዱ ጥያቄ ትንሽ እየዞረ በመጨረሻ ጀርባውን ሰጠኝ። በማግስቱ የራሴን ቆርኪዎች ይዤ ሄድኩ፤ ፊት ለፊቱ ሳይሆን ከጎኑ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቄ ተቀመጥኩና ዝም ብዬ የራሴን መስመር ሠራሁ። በየቀኑ፣ በዚያው ሰዓት፣ ለዐሥር ደቂቃ ያህል እንዲሁ አደረግኩ። በሁለተኛው ሳምንት አንዱን የእኔን ቆርኪ፣ ተገልብጦ ስለነበር፣ በአንድ ጣቱ አቃንቶ አስተካከለልኝ። ዓይኑን ወደ እኔ አላነሳም። ነገር ግን የእኔ መስመር የእርሱ ጉዳይ ሆኖ ነበር።

ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው የሚከተለው ነው። ልጁ በራሱ ፈቃድ የሚያዘወትረውን ነገር ለጥቂት ቀናት ሳይነኩ ይመልከቱ። ከዚያ በቀን ዐሥር ደቂቃ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓትና ቦታ፣ ከጎኑ ይቀመጡ። አይጠይቁ፣ አያርሙ፣ እቃውን ከእጁ አይውሰዱ። መናገር ካስፈለገ አንድ ወይም ሁለት ቃል ይበቃል፤ «ቀይ ቆርኪ» ብሎ ዝም ማለት። ወደ እርስዎ ከተጠጋ ይቆዩ፣ ከራቀ አይከተሉት። እጁን እያርገበገበ ወይም ሰውነቱን እያወዛወዘ ከሆነም አያስቁሙት፤ ራሱን የሚያረጋጋበት መንገድ ነውና።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ልጁ የሚወደውን ነገር ይወስዱና «ከጻፍክ እመልስልሃለሁ» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በመውደዱ ምክንያት የሚነጠቅበት ነገር እንዳለ የተማረ ልጅ የሚወደውን ከእኛ መደበቅ ይጀምራል፤ ያኔ ወደ ውስጡ የምንገባበትን ብቸኛ በር በገዛ እጃችን እንዘጋለን። ቆርኪው ራሱ ትምህርት ይሁን፦ ይቆጠርበት፣ ይደመርበት፣ «ሀ» እና «ለ» ይሠራበት።

እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዴሚየን ሚልተን፣ ራሳቸውም ኦቲስቲክ የሆኑ ሰው፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ አለመግባባቱ የሁለት ወገን መሆኑን አስረድተዋል፤ እነርሱ እኛን ለመረዳት እንደሚቸገሩ ሁሉ እኛም እነርሱን ለመረዳት እንቸገራለን። በክፍል ውስጥ ይህ ማለት መጀመሪያ መራመድ ያለበት አዋቂው ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ ቀንዎን አስቀድመው የሚያሳዩ ይሁኑ

ጠዋት በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቃል ሰላም ይበሉት። የትኛውም ዓይነት ሰላምታ ቢሆን ምርጫው የእርሱ ይሁን፤ እጅ መጨበጥ፣ ክርን ማስነካት ወይም ከሩቅ እጅ ማውለብለብ። ከዚያ የዕለቱን ቅደም ተከተል ያሳዩት። ለዚህ የካርቶን ቁራጭ፣ እስክሪብቶና ፕላስተር ይበቃል፦ ሰንደቅ ዓላማ፣ አማርኛ፣ ምግብ፣ ሒሳብ፣ ጨዋታ፣ ቤት፤ እያንዳንዱ በቀላል ሥዕል ተሥሎ ከላይ ወደ ታች ይለጠፋል፤ ያለቀው ይገነጠላል። ሥዕል የማይገባው ልጅ ካለ እውነተኛውን እቃ ይጠቀሙ፤ ሳህን ለምግብ፣ ኳስ ለጨዋታ። ስድስት ነገር በአንድ ጊዜ የሚበዛበት ከሆነ ሁለት ብቻ ያሳዩት፦ «መጀመሪያ ጽሑፍ፣ ከዚያ ቆርኪ።»

በእኛ ሁኔታ ግን ፕሮግራም ይፈርሳል። ዝናብ ሰልፉን ያስቀራል፣ መምህር ይታመማል፣ ስብሰባ ይጠራና ልጆች በግማሽ ቀን ይለቀቃሉ። ስለዚህ ከሥዕሎቹ መካከል አንድ «ለውጥ» የሚል፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ካርድ ያዘጋጁ፤ በመጀመሪያ ለደስ የሚል ለውጥ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ለምሳሌ በሒሳብ ፋንታ ጨዋታ ሲሆን። ልጁ ካርዱ ጥፋት አለመሆኑን ከለመደ በኋላ ለከባዱም ለውጥ ይሠራል። ለመስቀል፣ ለገና ወይም ለኢድ ትምህርት ሲዘጋ የሚቀሩትን ቀናት በወረቀት ላይ በሳጥን ሥለው በየቀኑ አንድ እየሰረዘ እንዲሄድ ያድርጉ፤ ወረቀቱን ወደ ቤት ይውሰድ፤ ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ሳጥን ላይም የእርስዎን ሥዕል ያኑሩ።

የሰጡትን ቃል ይጠብቁ። «አንዴ ቆየኝ»፣ «በኋላ»፣ «ሌላ ጊዜ» የምንላቸው ቃላት ለእኛ ማለስለሻ ናቸው፤ ለእርሱ ግን መጨረሻ የሌላቸው ናቸው። አምስት ደቂቃ ካሉ በስልክዎ ደወል ሞልተው አምስት ደቂቃ ይሁን። የማይሆን ከሆነም በግልጽ «ዛሬ የለም» ይበሉ። ማልቀሱ አይቀርም፤ ሆኖም ተታልሎ ከሚጠብቅ አልቅሶ ቢያውቅ ይሻላል።

አራተኛ፦ አማርኛዎን ያስተካክሉለት

ቋንቋችን በዘይቤ የተሞላ ነው፤ ይህን ደግሞ የምናስተውለው ቃሉን እንደ ቃሉ የሚረዳ ልጅ ሲገጥመን ነው። «ልብ ግዛ»፣ «ጆሮህን ስጠኝ»፣ «እጅህን ሰብስብ» የተባለ ልጅ ግራ ቢጋባ እልኸኛ ሆኖ አይደለም። ዘይቤውን ትተው የሚፈልጉትን ድርጊት ይናገሩ፦ «እጅህን ጠረጴዛው ላይ አድርግ።» «አትሩጥ» ከማለትም «ቀስ ብለህ ተራመድ» ማለት ይሻላል፤ የመጀመሪያው የማይደረገውን እንጂ የሚደረገውን አይነግረውም። ከተናገሩ በኋላ በልብዎ እስከ ዐሥር ቆጥረው ይጠብቁ። በጥበቃው መካከል ያንኑ ትእዛዝ በሌላ ቃል መድገም የጀመረውን ሐሳብ አፍርሶ እንደ አዲስ ማስጀመር ነው።

አንዳንድ ልጆች የሰሙትን መልሰው ይናገራሉ። በአማርኛ ይህ በግሡ ላይ ጎልቶ ይታያል፦ ልጁ ውሃ ሲጠማው ወደ እርስዎ መጥቶ «ውሃ ትፈልጋለህ?» ይላል። ክፍሉ ይስቃል፤ መምህሩም «እኔ አልፈልግም» ብሎ ይመልስለታል። ልጁ ግን ውሃ በተሰጠው ቁጥር የሰማውን ዐረፍተ ነገር ሙሉውን ይዞ በቦታው ተጠቅሞበታል፤ ይህ ንግግር ነው። ውሃውን እየሰጡት በእርሱ አፍ ሊሆን በሚገባው መልክ «ውሃ እፈልጋለሁ» ይበሉ፤ እንዲደግም አያስገድዱ። ከብዙ ድግግሞሽ በኋላ ብዙዎቹ ልጆች ወደ ትክክለኛው ግሥ ይሸጋገራሉ።

የማይናገር ልጅ አይሰማም ማለት አይደለም። በፊቱ ቆመው «ይሄ ልጅ ምንም አይገባውም» ብለው ለባልደረባዎ አይናገሩ። ስለ እርሱ መናገር ካስፈለገ ወደ እርሱ ዞረው «ስለ አንተ ለመምህርት ልነግራት ነው» ይበሉት።

ዓይን ለዓይን መተያየትን በተመለከተ ከውጭ በመጡ አንዳንድ ሥልጠናዎች ልጁ «እየኝ» እየተባለ እንዲለማመድ ይደረግ ነበር። ብዙ ኦቲስቲክ አዋቂዎች ይህ እንደሚያስጨንቃቸውና እያዩ መስማት እንደማይችሉ ተናግረዋል። በእኛ አስተዳደግ ደግሞ ልጅ በታላቅ ፊት ዓይኑን ሰበር ማድረጉ ጨዋነት ነው። በሌሎቹ የምናከብረውን በእርሱ ላይ እንደ ጉድለት መቁጠር አይገባንም።

አምስተኛ፦ የሚሰማውን ድምፅና ንክኪ ይገምቱ

የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ክፍል ውስጥ በመስከረም መጀመሪያ የሚወርደውን ዝናብ ያስቡ። ለእኛ ድምፃችንን ከፍ የምናደርግበት ምክንያት ብቻ ነው፤ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን ሕመም ሊሆን ይችላል። ሰማዩ ሲጠቁር ዝናብ እንደሚመጣ በሥዕል ያሳዩት፤ ጆሮ መሸፈኛ ካለ ይስጡት፤ ከሌለም ኮፍያ ወይም ሻሽ ይረዳል። የእኔ ተማሪ እናቱ በላከችው አሮጌ ጋቢ ራሱን ተከናንቦ ይቀመጥ ነበር፤ የጋቢው ክብደትም ሳያረጋጋው አይቀርም። ሆኖም የሚከናነበው እርሱ ራሱ እንጂ ሌላ ሰው መሆን የለበትም፤ ፊቱም ተሸፍኖ መተንፈስ እንዳይቸገር ይከታተሉ። በምግብ ሰዓት ደግሞ አያጉርሱት። ያላየው፣ ልስላሴውንና ጣዕሙን ያልገመተው ነገር ወደ አፉ ሲገባ እጅዎን መፍራት ይማራል። ወጡን ከእንጀራው ለይተው ያቅርቡለት፤ የቀረውን ለእርሱ ይተዉት።

ስድስተኛ፦ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት

የማልረሳው የራሴ ጥፋት አለ። አንድ ጠዋት የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ድምፅ ማጉያው እየጮኸ ሳለ ያው ባለ ቆርኪው ልጅ ጆሮውን ይዞ ከሰልፉ ወጣ። ርእሰ መምህሩ እያዩ ስለነበር አፈርኩና ክንዱን ይዤ ወደ ሰልፉ ጎተትኩት። ልጁ መሬት ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን መምታት ጀመረ፤ ከዚያም ለሦስት ሳምንት በተጠጋሁት ቁጥር ያንን ክንዱን በሌላው እጁ ይሸፍን ነበር።

እንዲህ ያለው ሁኔታ ንዴት ወይም ቅብጠት አይደለም፤ የተሸከመው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነው። በዚያ ጊዜ መጀመሪያ ሌሎቹን ልጆች ያርቁ። ድምፅዎን ይቀንሱ፣ ከተቻለም ዝም ይበሉ። ራሱን እየመታ ከሆነ በጭንቅላቱና በመሬቱ መካከል ቦርሳ ወይም የታጠፈ ጋቢ ያስገቡ፤ አደጋ ከሌለ አይያዙት። ከጎኑ፣ ትንሽ ራቅ ብለው ይቀመጡና ይጠብቁ። ሲረጋጋ ውሃ ይስጡት፤ «ለምን እንዲህ አደረግክ?» አይበሉት። አስቀድሞ ክፍል ውስጥ ወይም ከጓሮ አንድ ጸጥ ያለ ጥግ ይወስኑለት፤ በካርድ አሳይቶ በራሱ መሄድ እንዲችልም ያለማምዱት፤ ያ ጥግ ግን ፈጽሞ የቅጣት ቦታ አይሁን። አርጩሜና ዱላ በማንኛውም ልጅ ላይ እንዳይነሳ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤት ከሚፈጸም የአካል ቅጣት ይጠብቃል። ኦቲዝም ባለበት ልጅ ላይ የተነሳ ዱላ ደግሞ ለወራት የተገነባውን መተማመን በአንድ ጊዜ ያፈርሰዋል።

ካጠፉ ይቅርታ ይጠይቁ። እኔ በማግስቱ ክንዱን እያሳየሁ፣ ሳልነካው፣ «ጎተትኩህ። ይቅርታ። ሁለተኛ አልጎትትህም» አልኩት፤ ይህንኑ በየጠዋቱ ደገምኩት። ከርእሰ መምህሩ ጋርም ተነጋግረን በሰልፍ ሰዓት ከድምፅ ማጉያው ርቆ ከበሩ አጠገብ እንዲቆም ተስማማን። ክንዱን መሸፈን የተወው በአራተኛው ሳምንት ነው።

ሰባተኛ፦ የክፍል ጓደኞቹ

ለክፍሉ ስለ ልጁ ከመናገርዎ በፊት የቤተሰቡን ፈቃድ ያግኙ። ንግግሩ አጭር ይሁን፤ እርሱ ጩኸት እንደሚያመው፣ ሲጠሩት ቆይቶ እንደሚመልስ ይንገሯቸው። ለረዳትነት አንድ ጎበዝ ተማሪ ብቻ መርጠው አይጫኑበት፤ ሦስት ወይም አራት ልጆች በፈቃዳቸው ይፈራረቁ። የእኛ ልጆች በራሳቸው ሐሳብ ቆርኪ እየለቀሙ ማምጣት ጀምረው ነበር። ባለ ቆርኪው ልጅም ተለቅሞ የመጣውን ተቀብሎ ይደረድር ነበር፤ ዝገት ያለበትን ደግሞ ለይቶ ላመጣው ልጅ ይመልስለታል።

ስምንተኛ፦ ሰኔ ሲደርስ

የተገነባው መተማመን በአንድ መምህር ብቻ ላይ ከቆመ፣ ክፍል ሲቀየር ልጁ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በግንቦት ወር አንድ ገጽ ማስታወሻ ያዘጋጁ፤ የሚወደውን፣ የሚያስጨንቀውን፣ ሲጨንቀው የሚያሳየውን የመጀመሪያ ምልክት፣ የሚያረጋጋውን፣ የሚጠቀምባቸውን ካርዶችና ሰላም የሚባባልበትን መንገድ ይጻፉ። የምርመራ ውጤትና የፈተና ነጥብ በፋይሉ ስላለ እዚህ ላይ አያስፈልግም። እናቱ ታንብበው ወይም ይነበብላት፤ የቀረ ነገር ካለ ትጨምርበት። ከዚያ በሰኔ አዲሱን መምህር ወይም መምህርት ለጥቂት ቀናት በዐሥሩ ደቂቃ ላይ እንዲገኙ ይጋብዙ፤ መጀመሪያ ሦስታችሁም፣ ኋላ ሁለቱ ብቻ። የአዲሱን ክፍል በርና የመምህሩን ፎቶ በስልክ አንስተው ለእናቱ ይላኩላት፤ ክረምቱን ሙሉ እያየ እንዲቆይ። በጳጉሜን፣ ሌሎች ተማሪዎች ሳይገቡ፣ ለግማሽ ሰዓት ባዶውን ክፍል ያሳዩትና የሚቀመጥበትን ቦታ እርሱ ራሱ ይምረጥ።

ባለ ቆርኪው ልጅ ከበሩ አጠገብ ያለውን መረጠ። አዲሷ መምህርት ማስታወሻውን አንብባ ስለነበር ምንም አልጠየቀችውም፤ ከጎኑ ባለው ዴስክ ላይ ተቀምጣ ከቦርሳዋ ሁለት ቆርኪ አወጣችና ጥርሳቸውን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠች።